የማትጮህ ልጅ ቀሚስ

በቤታችን ልብስ የሚመረጠው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ለታናሽ ወንድሜ። የቀረነው የተገኘውን እንለብሳለን። አባቴ «ጌታው» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር። እሱ ያወጣው ለቀልድ ነው፤ እኔ ግን ከምሬ ወሰድኩት። ጌታ ካለ ሎሌ መኖሩ አይቀርም፣ ሎሌዋ ማን እንደሆነች ለመገመት ደግሞ ብዙ አያስቸግርም።

እናቴ ለጌታው ልብስ ስትገዛ ሰው ቆሞ ያያት ነበር ብል አላጋነንኩም። ካኔቴራውን አንስታ መጀመሪያ ትገለብጠዋለች። ቀጥላ እጇን ወደ ውስጥ ሰዳ ስፌቱን በጣቷ ጫፍ ዳር እስከ ዳር ትዳብሳለች። ከዚያ በክንዷ ውስጠኛ በኩል፣ ከዚያ በአንገቷ፣ በመጨረሻ ዓይኗን ጨፍና በጉንጯ ታሸዋለች። የሱሪውን ላስቲክ ትስበዋለች፣ ትለቀዋለች፣ ደግማ ትስበዋለች። ባለሱቁ ትዕግሥቱ ሲያልቅ፦

«እመቤቴ፣ ልብስ ነው የሚገዙት ወይስ ባል ነው የሚመርጡት?» ይላታል።

«ባልማ ቢሆን መቼ እንዲህ አገላብጬ አየሁት!» ትለዋለች፤ ሱቁ በሳቅ ይሞላል።

ሳቁ ሲያበቃ ተራው የኔ ይሆናል። «ለሷ ደግሞ ያቺን አውርድላት፤ ልኳ ሳትሆን አትቀርም።» ያቺ የተባለችው ሹራብ ከመደርደሪያ ወርዳ ቀጥታ ፌስታል ውስጥ ትገባለች። የሚገለብጣት የለ፣ የሚዳብሳት የለ። እኔን የሚያቃጥለኝ የሹራቧ መጥፎነት አልነበረም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ቆንጆ ነበረች። የሚያቃጥለኝ ያ ጉንጭ ነው። እናቴ በኔ ልብስ ላይ ጉንጯን አስጠግታ አታውቅም።

ዛሬ የወንድሜ ነገር ስም አለው፤ ኦቲዝም ይባላል። ያኔ እኛ ሠፈር ስም አልነበረውም፤ ስም የሌለውን ነገር ደግሞ ሁሉም እንዳሻው ይጠራዋል። ጎረቤት «እልኸኛ ነው» ይላል። አንዳንዱ «ይተወዋል፣ ሲያድግ ይተወዋል» ይላል። እኔ ደግሞ «ብልጥ ነው» እል ነበር። ስድስት ዓመት ሞልቶት አፉን ከፍቶ የሚናገረው ጥቂት ቃል ነው፤ ግን ሳይናገር ቤቱን ሁሉ ያዛል፤ ከዚህ በላይ ብልጠት ከየት ይመጣል?

አንድ ማለዳ የካልሲው ጫፍ ላይ ያለችው ስፌት ጣቱ ላይ አረፈችበት። እናቴ ገና ካልሲውን አጥልቃለት ሳትጨርስ ጩኸቱ ቤቱን ሰነጠቀው። አባቴ ካውያውን ትቶ ሮጠ። እናቴ ተንበርክካ ካልሲውን አወለቀች፣ ገለበጠች፣ መልሳ አጠለቀች፣ እንደገና አወለቀች፤ «ምን አደረግኸው? ልጄን ምን አደረግኸው?» እያለች ካልሲውን ትቆጣዋለች። እኔ ቁርሴን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ለአንድ ካልሲ! ሻዬ ቀዘቀዘ፤ ማንም ልብ አላለውም።

በማግስቱ እኔም ሞከርኩት። ካልሲዬን አጠለቅሁና ጮህኩ። መጥፎ ጩኸት አልነበረም፤ ከሱ ባይበልጥም የሚያንስ አልነበረም። እናቴ በበሩ ብቅ አለች።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆነሻል? ትልቅ ልጅ አይደለሽም እንዴ? ተነሽ፣ ይረፍድብሻል!» ብላኝ ተመለሰች።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ያን ቀን አንድ ሕግ ገባኝ፤ በቤታችን ጩኸት የተሰጠው ለአንድ ሰው ነው፣ እኔን አይመለከትም። ከዚያ ወዲህ ጮኼ አላውቅም።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የወንዶች ሙሉ ልብስ ነው የሚሰፋው። ሱቁ የቤታችን የፊት ክፍል ስለሆነ ከምንኖርበት የሚለየው አንድ መጋረጃ ብቻ ነው። መስኮቱ ላይ ራስ የሌለው የእንጨት ደረት ሁልጊዜ ኮት ለብሶ ይቆማል። የሱፍ፣ የጠመኔና የካውያ እንፋሎት ሽታ እስከ መኝታችን ይዘልቃል። አባቴ በሚሰፋው ኮሌታ ይኮራ ነበር፤ «ኮሌታና ሰው ሳይጎብጥ ነው የሚያምረው» ይላል።

ለጌታው ሲሰፋ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። አርጅቶ የሳሳ አንሶላ አምጥቶ ቱታ ይቆርጥለታል። ስፌቱን ወደ ውጭ ያደርገዋል፤ ቁልፍ የለ፣ ዚፕ የለ፣ ከአንገቱ ሥር የምትለጠፈው የፋብሪካ ምልክት የለች። ደንበኞች ልጁን ሲያዩት «ባለሙያው፣ ይሄ ልብስ ተገልብጦ ነው እንዴ?» ይላሉ።

«አልተገለበጠም፤ ልጄ የሚዘንጠው ወደ ውስጥ ነው» ይላቸዋል አባቴ።

ለኔ አንድም ቀን ሰፍቶልኝ አያውቅም። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ፣ የልብስ ሰፊው ልጅ የገበያ ልብስ ትለብሳለች። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር አንድ ትልቅ ጆንያ ነበር፤ አባቴ ለጌታው የሰፋው ልብስ የሚከማችበት። ማንም ሳያየኝ እጄን ሰድጄ እዳብሰው ነበር፤ ሱሪ በሱሪ ላይ፣ ካኔቴራ በካኔቴራ ላይ። አንድ ልጅ ይህን ሁሉ ልብስ ምን ያደርግለታል እያልኩ አንጀቴ ይቃጠላል። በጆንያው ውስጥ ያለው ሁሉ ጌታው አንዴ ለብሶ፣ ጮኾ፣ ያወለቀው መሆኑን አላሰብኩትም። እኔ የስጦታ ክምር ነበር ያየሁት። ለአባቴ ግን እያንዳንዱ «በዚህ ሁሉ ሙያዬ አንድ ልጄን ማልበስ አቃተኝ» የሚያሰኘው ልብስ ነበር።

ዛሬ ለወንድሜ ልብስ የምገዛለት እኔ ነኝ። የሚስማማው ካኔቴራ ሲገኝ በርከት አድርጌ እገዛለሁ፤ ፋብሪካው ክሩን የለወጠው እንደሆነ ያውቅብኛል። ምልክቷን በምላጭ ሳነሳ፣ አጥቤ አጥቤ ሳለሰልሰው፣ ባለሱቅ ፊት በጉንጬ ሳሸው ራሴን አገኘዋለሁ። የሚመቸውን ለብሶ ረጋ ብሎ ሲቀመጥ ደስ ይለኛል። ውሸት ምን ያደርጋል፣ እስከ ዛሬም አንዳንዴ ትንሽ ይቆጠቁጠኛል።

በዚያ ዓመት፣ ትምህርት ሊዘጋ ሲል አክስቴ መጣች። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ አባቴም እናቴም «እትዬ» ነው የሚሏት። በሌላ ከተማ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበረች። ባሏ በጊዜ ሞቶባት ልጅ ሳትወልድ ቀርታለች። ገና ከደጃፍ ሽቶዋ ይቀድማታል። «ይሄን ልጅ አሞላቃችሁታል» ብላ ፊት ለፊት የምትናገር እሷ ብቻ ስለነበረች ከሰው ሁሉ አብልጬ እወዳት ነበር። እኔን ደግሞ «እሜቴ» ብላ ትጠራኛለች። ለጌታ እሜቴ፤ በመጨረሻ የሚዛኑን ሌላውን ሳህን ያየልኝ ሰው መጣ አልኩ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ፣ አባቴና አክስቴ ከመጋረጃው ወዲያ ሲነጋገሩ ደረስኩ። ቦርሳዬን እንዳዘልኩ ቆሜ ጆሮዬን ጣልኩ። ግን የአባቴ የስፌት መኪና አላሰማ አለኝ።

«እሷም እኮ ልጅህ ናት» አለች አክስቴ።

ትርርርር አለ መኪናው።

«... በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ ዝም ያለች ልጅ ጤና መስሎህ ነው?...»

ትርርርር።

«... እኔ አለሁላት። አንተ ብቻ ጥሩ ልብስ ስፋላት፣ ሰው ፊት...»

ትርርርርርር።

ከዚያ የእናቴ ድምፅ መጣ፣ ቀጭን ሆኖ። «እሷ ደስ ካላት ነው።»

መኪናው ቆመ።

አባቴ መርገጫውን አጥብቆ የሚረግጠው ሥራ አጣድፎት መስሎኝ ነበር። መስማት የማይፈልገው ነገር ሲመጣ እንደሚረግጥ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ዕለት ግን ከዚያ ሁሉ ወሬ ይዤ የተመለስኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥሩ ልብስ ስፋላት። አክስቴ አዘዘችልኝ! ጌታው ተሸነፈ!

በማግስቱ አባቴ መጋረጃውን ገልጦ «ነይ እስቲ» አለኝ። ጠረጴዛው ፊት አቆመኝ፤ እንደ ደንበኛ። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ትከሻዬን፣ ደረቴን፣ እጄን ለካኝ። አፉ ውስጥ መርፌ ስለያዘ በአፍንጫው ነበር የሚናገረው። ትከሻዬን ደጋግሞ ለካው። ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ እንፋሎቱ ነው አልኩ።

«ታጥፎ የሚሰፋውን ረዘም አድርጌ እተውልሻለሁ» አለኝ። «ስታድጊ እዚያ ይለቁልሻል።»

«እዚያ» የምትለዋን ቃል ጆሮዬ አልያዛትም። እኔ የማስበው ስለ ጨርቁ ነበር። አክስቴ ራሷ ወጥታ የመረጠችው ደማቅ ቀይ ከፋይ ነው፤ አንገቱ ዙሪያ ነጭ ዳንቴል፣ ውስጡ የናይለን ገበር፣ ጀርባው ላይ ረጅም ዚፕ። መጀመሪያ ስለካው ዳንቴሉ አንገቴን እንደ ጉንዳን ቆነጠጠኝ። ብብቴ ሥር የገበሩ ስፌት ቆረቆረኝ።

«እንዴት ነው?» አለ አባቴ።

«ልኬ ነው» አልኩ።

ጉንዳን አይደለም ንብ ቢሆን አልናገርም ነበር። ከአባቴ እጅ የወጣ ልብስ ለብሼ፣ ይህ ጋ ወጋኝ ያ ጋ ቆረቆረኝ ብዬ እንደ ጌታው ላስወልቀው? ቀሚሱን ለብሼ ቀጥታ ሄድኩና ወንድሜ ፊት ተገተርኩ። «ጌታው፣ እየው! አባዬ ነው የሰፋልኝ» አልኩና ዞርኩለት፤ ገበሩ ሽው አለ። ወንድሜ ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ ከቁም ሣጥኑ ኋላ ገባ። ቀና! አልኩ በሆዴ። በስንት ጊዜዬ አንድ ቀን ደግሞ እሱ ቀና!

ያባረረው የናይለኑ ድምፅ ነበር። እኔ ራሴ ዛሬ እሱ ፊት ናይለን ለብሼ አልሄድም።

እናቴ በዚያ ሳምንት ልብሴን ታጥፍ ነበር። ሹራቦቼን፣ የውስጥ ልብሴን፣ የትምህርት ቤት ጫማዬን ሳይቀር። አክስቴ ጋ ልሄድ እንደሆነ ነገረችኝ።

«ለስንት ቀን?» አልኳት።

ፊቷን ወደ ሻንጣው አደረገች። «እስኪበቃሽ።»

በቤታችን በቃኝ የማለት መብት ለመጀመሪያ ጊዜ በኔ እጅ ገባ ብዬ ኮራሁ። ለእረፍት ጉብኝት የትምህርት ቤት ጫማ ምን ያደርጋል ብዬ አልጠየቅሁም።

የምንሄድበት ቀን ሞቃት ነበር። አውቶቡሱ ከሰዓት በኋላ ነው የሚነሳው፤ እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ ቀሚሴን ለብሼ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ላብ ሲነካው ዳንቴሉ መቆንጠጡን ትቶ መጋዝ ሆነ። አንገቴን ባዞርኩ ቁጥር ይገዘግዘኛል፤ ስለዚህ አላዞርም። ክንዴን ባነሳሁ ቁጥር ገበሩ ይልጠኛል፤ ስለዚህ አላነሳም። አክስቴ አይታኝ «አቤት ጨዋነት! እንደ ሥዕል!» አለች። አንገቴን ሳላዞር ፈገግ አልኩላት።

ከምሳ በኋላ እናቴ ፀጉሬን ልታበጥርልኝ ጉልበቶቿ መካከል አስቀመጠችኝ። ፀጉሬን ከማጅራቴ ላይ ሰብስባ እንዳነሳች እጇ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

ዚፑን ወደ ታች ሳበችው። ዳንቴሉ ቆዳዬ ላይ ተጣብቆ ስለነበር ስትላቅቀው ትንፋሼን ዋጥኩ። አንገቴ ዙሪያውን ተልጦ ነጩ ዳንቴል ደም ነካክቶታል። ብብቴ ሥር ቀልቶ፣ ጀርባዬ በዚፑ ግራና ቀኝ አባብጦ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች፤ ድምፅዋ ተለወጠብኝ።

«ከለካሁት ጊዜ ጀምሮ።»

«አባትሽ ሲጠይቅሽ ልኬ ነው አላልሽም?»

«ልኬማ ነው።»

«እየላጠሽ? እየደማሽ? ታዲያ ለምን አልጮህሽም?»

ጥያቄው ገረመኝ። እሷው የምታውቀውን ነገር ነበር የጠየቀችኝ።

«ጩኸቱ የሱ ነዋ» አልኳት።

ማበጠሪያው ከእጇ ወደቀ። ከዚያ እናቴ ጮኸች። ቃል የለውም፤ ሰው እሳት ሲነካው እንደሚጮኸው ያለ ነው። አባቴ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ መጋረጃውን ጥሶ ገባ። አክስቴ በአንድ እግሯ ጫማ እንዳደረገች መጣች።

«አትሄድም» አለች እናቴ።

«ምን ሆንሽ? አውቶቡሱ እኮ—»

«አትሄድም፣ እትዬ።»

«በዳንቴል ምክንያት?»

«አዎ። በዳንቴል ምክንያት።»

አክስቴ ጠጋ ብላ ጀርባዬን አየችው። ቆይታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ የመረጥኩት» አለች፤ ድምፅዋ ያን ዕለት ብቻ ነው እንደዚያ ሲያንስ የሰማሁት። አባቴ ጀርባዬን ያያል፣ እጁን ያያል፣ ጀርባዬን ያያል።

እኔ ማልቀስ የጀመርኩት ያኔ ነው፤ ቁስሉ አሞኝ አይደለም። ቀሚሴን አወለቁብኝ፣ መንገዴን ከለከሉኝ። ለሱ ሲሆን ለካልሲ ቤቱ ይገለበጣል፤ ለኔ ሲሆን በአንድ ዳንቴል ሰበብ ሁሉ ነገር ይቀራል! ጌታው እንዳልሄድበት በሆነ ዘዴ ነግሯቸው ይሆናል ብዬ ተጠራጠርኩ። እናቴ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ በእርጥብ ፎጣ ማጅራቴን ታቀዘቅዛለች፤ እኔ አለቅሳለሁ።

ዛሬ ያን ክፍል ሳስታውሰው ያኔ ያላየሁትን አያለሁ። ጌታው በእናቴ ጩኸት ደንግጦ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ጆሮውን ደፍኖ ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘ ይጮኽ ነበር። አባቴ ነው በኋላ ሄዶ ያቀፈው። እናቴ ግን አልተነሳችም። ጩኸቱን እየሰማች ከኔ አልተነሳችም።

አክስቴ ሻንጣዬን ትታ ብቻዋን ሄደች። ምን እንደነበረ ሙሉውን የሰማሁት እኔም ሥራ ይዤ፣ እሷም ጡረታ ወጥታ ልጠይቃት ሄጄ ሳለ ነው። ሻይ እየቀዳችልኝ እንደ ዋዛ «ክፍልሽን ቀለም አስቀብቼልሽ ነበር» አለችኝ።

«የትኛውን ክፍል?»

እጇ ላይ ያለውን ማንቆርቆሪያ አስቀመጠች። «አልነገሩሽም? እኔ ጋ እኮ ልትኖሪ ነበር የምትመጪው። ትምህርት ቤት አስመዝግቤሽ ነበር።»

ስንት ዓመት ሙሉ በአሸናፊነት የማስበው ያ ከፋይ ቀሚስ የመሸኛ ልብስ ነበር ማለት ነው። አክስቴ ቀጠለች። «በእናትሽ ቀንቼ ነበር፣ እሜቴ። ሁለት ልጅ ይዛ ደከመኝ ስትል፣ አይዞሽ ማለት ትቼ አንዷን ስጪኝ አልኳት። ላንቺ ያሰብኩ እየመሰለኝ። አውቶቡሱ ላይ ወንበርሽን ለማንም አላስያዝኩም፤ ባዶውን ከጎኔ ይዤው ሄድኩ።»

ቅናት የኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ያን ዕለት ግን ይህን ሁሉ አላውቅም። እናቴ ቁስሌን ቅባት ቀብታ፣ ሌላ ልብስ እንዳይነካው ብላ የጌታውን ካኔቴራ አለበሰችኝ። ጠበበኝ፤ ግን ምንም አይወጋም፣ ምንም አይቆረቁርም። ያልለበስኩ ያህል ነው። ለካ ይሄን ሁሉ ጊዜ እንዲህ ሲመቸው ነው የኖረው! ቅናቴ እንደ አዲስ ተቀሰቀሰ።

አባቴ ከመጋረጃው ወዲያ ጠራኝ። በጠረጴዛው ላይ የነበረውን የደንበኛ ኮት ወደ ዳር ገፍቶ ቀሚሴን ገልብጦ ዘርግቶታል። ወንበር ስቦ ከጎኑ አስቀመጠኝ።

«አሁን እውነቱን ንገሪኝ» አለኝ። «የት የት ጋ ነው የሚወጋሽ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጣቴን አንገቱ ላይ አስቀመጥኩ። በምላጭ ስፌቱን ተረተረና ዳንቴሉን ዙሪያውን ነቅሎ ጣለው። ብብቱን አሳየሁት፤ ገበሩን አወጣው። የዚፑን ዳር አሳየሁት፤ ዚፑን ነቀለውና በቦታው ለስላሳ ጨርቅ አጥፎ በስፒል ያዘው። ወንድሜ ረግቶ መጥቶ ከጠረጴዛው ሥር ገባና የሚወድቀውን ክር እየለቀመ በጣቱ ይጠቀልል ጀመር። ክር ይወድ ነበር፤ ለኔ ግን ቀንቶ የመጣ መሰለኝና ወንበሬ ላይ ይበልጥ ተመቻቸሁ።

የኮቱ ባለቤት በር ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ባለሙያው፣ ኮቴ ደረሰ?»

«ነገ» አለ አባቴ ቀና ሳይል። «ሌላስ?» አለኝ እኔን።

የሚወጋኝ ነገር አልቆ ነበር። ወገቡ ጋ ምንም አልነበረም፤ ልቅም ያለ ስፌት ነበር። አባቴ ምላጩን ይዞ ይጠብቀኛል፤ ሰውዬው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ጣቴን ወገቡ ላይ አስቀመጥኩ።

«እዚህም ጋ» አልኩት።

ጎንበስ አለና መተርተር ጀመረ።